ሁለት ዛፍ የወጣው ሰው

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኳስ ሜዳችን ላይ የማዕዘን ምት ሊገጭ ሲዘል ከተቃራኒው ቡድን ተከላካይ ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ውሃ አፈሰስንበት፣ ጨዋታውንም እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ማታ ራት ላይ ግን ውጤቱ ስንት ለስንት እንደ ነበር ሁለት ጊዜ ጠየቀን። ስቀን አለፍነው። ሰኞ ማታ እንደ ልማዱ ጓንቱን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ከተማ ውስጥ ወዳለው የወጣት ማዕከል ቦክስ ሊለማመድ ሲነሣ ነው እንግዲህ ክፍሉ ለሁለት የተከፈለው።

ገሚሱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ወይ ኳሱን ወይ ቡጢውን ያዝ» አለው። ገሚሱ ደግሞ «ተፈጥሮ ጉልበት የሰጠችውን ሰው ምን አግዱኝ ያሰኘዋል? ጎበዝ ሁሉንም ይችላል» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ወደ ውርርድ ተለወጠ፤ የተሸነፈው ወገን ለክፍሉ ሁሉ ሻይ በዳቦ ሊጋብዝ ተስማማን። ሁለቱንም ሙያ በአንድ ዕድሜ የሠራ ሰው ካለ ስሙ ይምጣ ተባለ። እኛም ስንፈላልግ ቻርሊ ፓውል የሚባል አሜሪካዊ አገኘን። የሰውዬው ታሪክ ግን ለየትኛውም ወገን እንዲሁ የሚመች አይደለም።

ወደ ሰውዬው ከመግባታችን በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም፤ የእኛውን እነሱ ሶከር ይሉታል። የእነሱ ኳስ ሞላላ ናት። በእጅ ትያዛለች፣ በእጅ ትወረወራለች፣ በብብት ታቅፈው ይሮጡባታል፤ እግር የሚነካት አልፎ አልፎ ነው። ስሙና ግብሩ አይገናኝም። ከእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ፣ በሜትር 91 ያህል ነው። ኳስ የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ተከላካዩ ወገን ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው አቅፎም፣ ገፍቶም፣ ጎትቶም ቢሆን መሬት ያስይዘዋል። ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው፣ ጦር ሜዳ የሚወርዱ መስለው የሚገቡት።

ፓውል የሚሰለፈው በተከላካዩ መስመር ጠርዝ ላይ ነበር። የዚህ ሰው ዋና ሥራ ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ ተጫዋች ገፍቶ አልፎ፣ ኳሷን የሚያሠራጨውን ሰው፣ ኳርተርባክ የሚሉትን፣ ሳይወረውር መድረስ ነው። ደርሶም መጣል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በልባችሁ ያዙ፤ ኋላ እንመለስበታለንና። ይህ ሰው ከግጭት አይሸሽም፤ ወደ ግጭት ይሮጣል። አንድ ሲመታ አንድ ቢመታ ግድ የለውም፤ ብቻ ይድረስ።

ቻርሊ ፓውል እ.ኤ.አ. በ1932 በቴክሳስ፣ ዳላስ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ያልነካው ስፖርት አልነበረም ቢባል ይቀላል። ፉትቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ ቤዝቦልና አትሌቲክስ በየተራ ተጫውቷል። ለተማሪዎች የሚፈቀደውን 12 ፓውንድ የሚመዝን አሎሎ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ወርውሯል። አሎሎ ወርዋሪ ሲባል ደንዳና፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ነው የሚታየን አይደል? ይኸው ሰው መቶ ያርድ በ9.6 ሰከንድ ሮጧል ተብሎ ተመዝግቧል። የጉልበተኛ አካል ከሯጭ እግር ጋር በአንድ ሰው ላይ መገናኘቱ ነው ጉዱ።

ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ሊወስዱት ቢፈልጉም እሱ ግን ኮሌጅ ሳይገባ ፕሮፌሽናል መሆንን መረጠ። መጀመሪያ የሴንት ሉዊስ ብራውንስ የቤዝቦል ክለብ አስፈረመውና በ1952 በታዳጊው ቡድን ተጫወተ። ቤዝቦሉን ብዙም ሳይቆይ ተወውና በዚያው ዓመት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የፉትቦል ቡድን ገባ። ገና ሃያ ዓመቱ ነበር፤ የእኛው ዕድሜ ማለት ነው። የፉትቦል ሊጉ ተጫዋቾች በአብዛኛው ከኮሌጅ ተመርቀው የሚመጡ ጎልማሶች ስለ ነበሩ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የሚገባ ሰው እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። እሱ ግን በዚያው ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃውን የዲትሮይት ላየንስን ቡድን ገና በመጀመሪያው ጨዋታው አስጨነቀ። ቦቢ ሌይን የተባለውን ስመ ጥር ኳርተርባክ ደጋግሞ መሬት እንዳስያዘው ይተረካል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ተጫዋች ቡጢ ውስጥ ምን ዶለው? አንዱ መልስ የቀን መቁጠሪያውና ኪሱ ነው። በዚያን ጊዜ የፉትቦሉ የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ ብቻ ነበረው፤ በመስከረም መጨረሻ ተጀምሮ በታኅሣሥ ያልቃል። ደመወዙም ዛሬ እንደምንሰማው የሚሊዮን አልነበረም። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ጨዋታው ሲዘጋ ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር፤ ዕቃ የሚሸጥ ነበረ፣ መኪና የሚነዳ ነበረ፣ የሚያስተምርም ነበረ። ፓውል ደግሞ ሁለተኛ ሥራው ቡጢ ሆነ። በ1953 ፕሮፌሽናል ቦክስ ጀመረ። በ1954 ፉትቦሉን ለአንድ ዓመት ትቶ ቦክሱን ያዘ፤ ከ1955 እስከ 1957 ወደ ፎርቲናይነርስ ተመለሰ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሪንጉ፤ በ1960 እና በ1961 ደግሞ አዲስ ለተቋቋመው ለኦክላንድ ሬይደርስ ተጫወተ፤ ከዚያም ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቡጢው። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው።

የሚመጥነው ክፍል የቱ እንደ ሆነ አያጠያይቅም። በቦክስ ሌሎቹ የክብደት ክፍሎች ሁሉ ከላይ ወሰን ሲኖራቸው፣ ከባድ ሚዛን ብቻ የላይ ወሰን የለውም። በፓውል ዘመን ከ175 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ79 በላይ የሚመዝን ሁሉ እዚያ ይገባ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ የቦክስ ድርጅቶች ደንብ ወለሉ ወደ 200 ፓውንድ፣ ወደ 91 ኪሎ ገደማ ከፍ ብሏል። አንድ የፉትቦል ተከላካይ ክብደት ሳይቀንስ ጓንት ቢያጠልቅ የሚጠብቀው በር ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ከሜዳው ወደ ሪንጉ ምን ይሻገራል? ምንስ በሩ ላይ ይቀራል?

ብዙ ሰው ቡጢ የክንድ ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። ከባድ ቡጢ የሚነሣው ከመሬት ነው። የኋላ እግር ጣቶች መሬቱን ይገፋሉ፤ ግፊቱ በባት፣ በጭን፣ በዳሌ አልፎ፣ ወገብ ሲዞር ወደ ትከሻ ይወጣና በክንድ ይደርሳል። ክንድ መልእክተኛ ነው እንጂ ላኪው እግር ነው። የፉትቦል ተከላካይም ከፊቱ ያለውን ሰው የሚገፋው በዚያው መንገድ ነው፤ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይልና መሬቱን ገፍቶ ይነሣል። አሎሎም እንደዚያው ነው የሚወረወረው። ስለዚህ ፓውል ወደ ሪንጉ ሲገባ ፈንጂ ይዞ ነው የገባው። ከ25 ድሎቹ 17ቱ በዝረራ መሆናቸው ይህንን ይመሰክራል።

የማይሻገረው ደግሞ ትንፋሽ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ሰዓቱ 60 ደቂቃ ይቁጠር እንጂ፣ አንዱ እንቅስቃሴ ተጀምሮ እስኪያልቅ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ይቆማል፣ ይመካከራሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ። ኳሷ በእውነት የምትንቀሳቀስበት ጊዜ ቢደመር ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጡንቻ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ስንቅ አለው፤ ዐሥር ሰከንድ ያህል በሙሉ ኃይል የሚያሠራ፣ ባረፉ ቁጥር መልሶ የሚሞላ። ቦክስ ግን ሦስት ደቂቃ አያስቆምም። አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ፤ ይኸው ዐሥር ጊዜ። የዐሥር ሰከንዱ ስንቅ በመጀመሪያው ዙር ያልቅና ከዚያ በኋላ ሰውን የሚያቆመው ልብና ሳንባ ነው። ያውም እጅ ከፍ ብሎ፣ ዓይን ሳይከደን፣ ሰው እየደበደበህ። አምናም ሆነ ካቻምና በስፖርት ክፍለ ጊዜ 100 ሜትር አንደኛ የሚወጡት ልጆች 1,500 ሜትር ላይ የት እንደሚደርሱ ሁላችንም አይተናል።

ሁለተኛው የማይሻገር ነገር አቋቋም ነው። ፉትቦለኛ ደረቱን ለባላጋራው ሰጥቶ ነው የሚቆመው፤ ክብደቱ ወደፊት ያጋደለ ነው። ቦክሰኛ ጎኑን ነው የሚሰጠው፤ ክብደቱን ለሁለት እግሩ አካፍሎ፣ ወደኋላም ወደ ጎንም ለመሄድ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ዓመታት የፈጀ ልማድ በአንድ ክረምት ልምምድ አይጠፋም። ሰው ሲደክም ደግሞ ወደ ቀድሞ ልማዱ ነው የሚመለሰው፤ ይህ በቾክና ሰሌዳም የታየ ነገር ነው፤ ለማስተማር ልምምድ ክፍል ገብተን ስንደነግጥ ሁላችንም ወደ ልጅነት መምህሮቻችን ድምፅ ነው የምንመለሰው።

የሆነው ሆኖ ፓውል በዚህ ሁሉ ላይ ተነሥቶ አንድ ቀን ጫፍ ደረሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1959 በማያሚ ቢች ኒኖ ቫልዴስ ከተባለው ኩባዊ ጋር ገጠመ። ቫልዴስ ቀላል ሰው አልነበረም። በ1953 የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ኤዛርድ ቻርልስን ያሸነፈ፣ ለዓመታት ከከባድ ሚዛን ቁንጮዎች ተርታ የቆየ ግዙፍ ነው። ፓውል በስምንተኛው ዙር ዘረረው። አሜሪካ በቴሌቪዥን አየችው። ያን ጊዜ ፓውል ፉትቦሉን ትቶ ቦክሱን ብቻ ይዞ እንደ ነበር ልብ በሉ። ስሙ ከሻምፒዮና ተፎካካሪዎች ጋር መነሣት ጀመረ። ነገር ግን የሻምፒዮና ግጥሚያ ሳያገኝ ሽንፈት ቀደመውና በዓመቱ የኦክላንድ ሬይደርስን መለያ ለብሶ ሜዳ ላይ ተገኘ። እኛ እንደሚመስለን፣ ሁለት ቤት ያለው ሰው አንዱ ቤት ሲያፈስስበት ጣራውን አይጠግንም፤ ወደ ሌላው ቤት ይሄዳል። አንድ ቤት ብቻ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት መሰላል ይፈልግ ነበር።

ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ግን ድሉ ሳይሆን ሽንፈቱ ነው። ጥር 24 ቀን 1963፣ ፒትስበርግ። ባላጋራው ሃያ አንደኛ ዓመቱን ከያዘ ሳምንት የሆነው ካሺየስ ክሌይ ነበር፤ በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው። ክሌይ 16 ጊዜ ተጋጥሞ 16ቱንም አሸንፏል፤ አፉ ደግሞ ከእጁ አያንስም። ፓውልን በሦስተኛው ዙር እንደሚጥለው አስቀድሞ ተናገረ። በሚዛን ቀን ከፓውልና ከወንድሙ ጋር ቃል እስከ መወራወር ደረሱ። ወንድምየው አርት ፓውልም የታወቀ የፉትቦል ተጫዋች ነበረ፤ በዚያው በ1963 ክረምት፣ ነጭና ጥቁር ተመልካች ተለይቶ በሚቀመጥበት የአላባማ ስታዲየም አልጫወትም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር በመቆሙ ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረለት ሰው ነው። ቤተሰቡ በቀላሉ የሚያጎነብስ ቤተሰብ አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

ግጥሚያው ተጀመረ። ፓውል በክብደት ይበልጣል፤ ወደፊት ይገፋል። ክሌይ ወደኋላ እየሄደ ይመታል። ፓውል ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ መጀመሪያ ሲመታ «ሁለት ተቀብዬ አንድ ባሳርፍ ያዋጣኛል» የሚል ሐሳብ ነበረው። ጥቂት ቆይቶ ግን እያንዳንዱ ምት እያዞረው፣ እያደከመው መሄዱን አወቀ። በሦስተኛው ዙር ወደቀና ተቆጠረበት። ክሌይ ያለው ደረሰ።

ቅድም በልባችሁ ያዙ ያልናችሁን አሁን አውጡት። ሁለት ተቀብሎ አንድ መስጠት የማን ሒሳብ ነው? የፉትቦል ተከላካይ ሒሳብ ነው። እዚያ ያዋጣል። የራስ ቁር አለ፣ የትከሻ መከላከያ አለ፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ፊሽካ አለ። ኳርተርባኩን አንዴ ከደረስክበት የተቀበልከው ግፊት ሁሉ ይረሳል። በሪንጉ ላይ ግን የተቀበልከው አይረሳም፤ ይደመራል። አንዱ ምት ሌላውን ይጠራል። ክሌይ በአንድ ምት ግድግዳ የሚያፈርስ ቦክሰኛ አልነበረም፤ እሱ የሚያውቀው መደመር ነበር። ፓውል የተሸነፈው ጉልበት አንሶት አይደለም፤ ወኔም አንሶት አይደለም። የአንዱን ሙያ ሒሳብ ይዞ በሌላው ፈተና ተቀመጠ። በዚህ ላይ ክሌይ ከዐሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሌላ ስፖርት ሳያውቅ ቡጢ ብቻ የተማረ ልጅ ነበር። ከዐሥራ ሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 1964፣ ሰኒ ሊስተንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ፓውል በታኅሣሥ 1964 በፖርቶ ሪኮ ከቀድሞው ሻምፒዮን ከፍሎይድ ፓተርሰን ጋር ገጥሞ በስድስተኛው ዙር ተዘረረ። በ1965 ጓንቱን ሰቀለ። መዝገቡ 25 ድል፣ 11 ሽንፈት፣ 3 አቻ ይላል። በፉትቦሉ ደግሞ ሰባት የውድድር ዘመን። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው ይህንን ቢያስመዘግብ «ደህና ሠራ» ይባልለታል፤ እሱ ሁለቱንም ነው ያስመዘገበው። ስለዚህ «ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያለው ወገን እዚህ ላይ አንገቱን ይድፋ፤ ተወጥቷል። ግን የየትኛውም ዛፍ ጫፍ ላይ አልተቀመጠም። ይህን ደግሞ «ጎበዝ ሁሉንም ይችላል» ያለው ወገን ይስማ።

ክርክሩ ሲካረር አንዱ ልጅ ኤድ ጆንስን አመጣብን። እውነቱን ነው፤ ሊነሣ ይገባዋል። ኤድ ጆንስ የዳላስ ካውቦይስ ተከላካይ ሲሆን ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው። ቅጽል ስሙም «ቱ ቶል» ነው፤ ከልክ በላይ ረጅም ማለት። በ1974 ከኮሌጅ ከወጡት ሁሉ አንደኛ ተመርጦ ገባ፤ ከቡድኑ ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ከዚያም በ1979፣ በ28 ዓመቱ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ፉትቦሉን ትቼ ቦክስ ልገባ ነው ብሎ ሁሉን አስደነገጠ። በኅዳር 1979 የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ። ባላጋራው ያን ያህል ስም የሌለው ሰው ነበር፤ ሆኖም ግዙፉን ጆንስን በመጨረሻው ዙር መሬት አስነካው። ጆንስ በነጥብ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ ተጋጥሞ አምስቱንም በዝረራ አሸነፈ፤ ከጥር 1980 በኋላ ግን ሪንግ ውስጥ አልታየም። ስድስት ግጥሚያ፣ ስድስት ድል፣ ሦስት ወር የማይሞላ ጊዜ።

መዝገቡ ከፓውል የጠራ ይመስላል። እኛ ግን አንሸነገልም፤ ፓውል የተሸነፈው ለዓሊና ለፓተርሰን ነው፤ ጆንስ ያሸነፋቸውን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። ጆንስ በ1980 ወደ ካውቦይስ ተመለሰና እስከ 1989 ተጫወተ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ከመሄዱ በፊት ከነበረው ይልቅ ከተመለሰ በኋላ ተሻለ፤ ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ የተመረጠው ከ1981 እስከ 1983 በተከታታይ ነው። የቦክሱ ልምምድ እግሩን አፍጥኖለት፣ እጁን አሠልጥኖለት ነበር። ትንፋሽና የእጅ ብልሃት ከሪንግ ወደ ሜዳ በደንብ ይሻገራሉ ማለት ነው፤ ከሜዳ ወደ ሪንግ የሚሻገረው ግን በአብዛኛው ጉልበት ብቻ ነው። በሩ አንድ ይሁን እንጂ፣ ሲገባና ሲወጣ እኩል አይከፈትም።

የእኛን እግር ኳስ ትቶ ቡጢ የያዘ አለ ወይ ላላችሁ፣ አለ። እንግሊዛዊው ከርቲስ ውድሃውስ በሼፊልድ ዩናይትድና በበርሚንግሃም ሲቲ ከተጫወተ በኋላ በ2006 ቦክስ ጀምሮ፣ በ2014 የብሪታንያን የቀላል ዌልተር ሚዛን ክፍል ቀበቶ አሸንፏል። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ከባድ ሚዛን ስላልሆነ እዚህ አናቆየውም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ራስ እንመለስ፤ ከውርርዱ ይልቅ የሚያሳስበው እሱ ነውና። ፉትቦልና ቡጢ በትንፋሽ ቢለያዩ፣ በአቋቋም ቢለያዩ፣ በአንድ ነገር ግን ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ጭንቅላትን ይመታሉ። አንድ እንቁላል ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን ግጠሙና ጣሳውን በድንገት አወዛውዙ። ጣሳው ደህና ነው፤ እንቁላሉ ግን ግድግዳውን ይመታል። አንጎልም በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ እንዲሁ ነው የተቀመጠው። የራስ ቁር ጣሳውን እንዳይሰበር ይጠብቀዋል፤ እንቁላሉን ግን ከመንቀጥቀጥ አያድነውም። የቦክስ ጓንትም እንዲሁ ነው፤ በዋናነት የመቺውን እጅ ነው የሚጠብቀው።

ሐኪሞች ይህንን ካወቁት ቆይቷል። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ለዓመታት የተደበደቡ ቦክሰኞች ሳይጠጡ እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱበትን በሽታ ጽፎ አወጣ። የቦክሰኞች ብቻ ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ታለፈ። በ2002 ግን ቤኔት ኦማሉ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም፣ በ50 ዓመቱ የሞተውን የፉትቦል ተጫዋች የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ተመሳሳይ ጉዳት አገኘ፤ ግኝቱም በ2005 ታተመ። ቦታው ፒትስበርግ ነው፤ ፓውልና ክሌይ የተጋጠሙባት ከተማ። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ነው። የሚያመጣውም አንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት የተጠራቀሙ ትንንሾቹም ናቸው። መደመር ብለን የለ?

ቻርሊ ፓውል የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከመርሳት በሽታ ጋር ኖሮ፣ መስከረም 1 ቀን 2014፣ በ82 ዓመቱ ሞተ።

ለነገ መምህራን ደግሞ ይህ ይጻፍልን። ራሱን የተመታ ልጅ ራሱን ካልሳተ ደህና ነው የሚባለው ስሕተት ነው፤ አንጎላቸው ከተናወጠ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ምልክቱ ሌላ ነው። ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስታወክ፣ ብርሃን መሸሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። አንዱ ከታየ ልጁ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታው አይመለስም። ሐኪም ሳያየው፣ ምልክቶቹም ፈጽመው ሳይጠፉ ምት ወዳለበት ስፖርት አይገባም፤ የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ከተጨመረ፣ በተለይ በወጣት ላይ፣ አልፎ አልፎ አንጎል አብጦ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላልና። ውሃ ማፍሰስ መድኃኒት አይደለም። እኛ ግን ቅዳሜ ዕለት ውሃ አፍስሰን ወደ ሜዳ መለስነው፤ ማታም ውጤቱን ሁለት ጊዜ ሲጠይቀን ሳቅን።

ሰኞ ማታ ጓንቱን ከትከሻው ያወረድነው ተጨቃጭቀን፣ ከሞላ ጎደልም ተጣልተን ነው። ማግስቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ራስ ምታቱ ሙሉ በሙሉ እስኪተወው ከኳሱም ከቡጢውም እንዲርቅ ተነገረው። ሁለት ሳምንት አኮረፈን። አሁን ምልክቶቹ ጠፍተዋል፤ ሆኖም ሐኪሙ እንደገና እስኪያየው ድረስ በወጣት ማዕከሉ ሰዓት ያዥ ሆኖ ፊሽካ ይነፋል። ውርርዱን በተመለከተ ሁለቱም ወገን አሸንፌያለሁ ስለሚል፣ ሻዩን ሁላችንም በየራሳችን ከፍለን ጠጣን። እሱም መጥቶ አብሮን ተቀመጠና ዳቦውን እየቆረሰ፣ «ሦስት ደቂቃ ከውጭ ሆነው ሲያዩት እንደዚህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር» አለን።